የእህል በረንዳ ተማሪ

ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በአገር ውስጥ ይበልጥ የሚታወቁት የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በመመሥረታቸውና የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በመሆናቸው ነው። ከዚያ በኋላ ስማቸውን የያዘውን እሌኒ ኤልኤልሲን አቋቁመው ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች የምርት ገበያ መንደፍን ሥራቸው አደረጉ። አዲስ አበባ ላይም ብሉሙን የተባለ የጀማሪ ድርጅቶች ማሳደጊያ ከፈቱ። የዚህ ሁሉ ሥራ ሥር ሲፈለግ የሚገኘው በመርካቶው የእህል ንግድ ውስጥ ነው። ለዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት ጉዳይ የአዲስ አበባ የእህል ደላላ ነበር፤ የዚህ ደላላ ዋና መናኸሪያ ደግሞ በአዲስ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም የማይርቀው እህል በረንዳ ነበር።

ዶክተር እሌኒ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት በሩዋንዳ፣ በቶጎ፣ በማላዊና በኬንያ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ኬንያ ውስጥ በሪፍት ቫሊ አካዳሚ ሲሆን፣ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ ፈረንሳይኛና ስዋሂሊ ይናገራሉ። በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከኮርኔል፣ ሁለተኛውን ከሚሺጋን ስቴት፣ ዶክትሬታቸውን እ.ኤ.አ. በ1998 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል።

ኮርኔል ሳሉ የ77ቱ ረሃብ ደረሰ። በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ምግብ የሚወራወሩ ተማሪዎችን አይተው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው እንደጮኹባቸው ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ስለ እርሳቸው የጻፉ ብዙዎች ይህን ታሪክ ሳያነሱ አያልፉም። ከጩኸቱ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ የያዙት ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ የረሃብን ኢኮኖሚክስ የሚመራው የአማርትያ ሴን ሥራ ነበር። ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በ1965/66 ዓ.ም. የደረሰውን የወሎ ረሃብ መርምሮ፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይወደድ ሰው እንደረገፈ፣ ምክንያቱም የገበሬው የመግዛት አቅም መድረቁ እንደሆነ ጽፏል። እሌኒ የያዙት ሌላውን ጫፍ ነው። የሚገዛ ሰው ሲኖርስ? ጎጃም ላይ የተረፈው በቆሎ ወሎ ወይም ሐረርጌ እስኪደርስ በመንገድ ላይ ምን ያህል ይበላዋል? የሚበላውስ ማን ነው?

ጥያቄውን ለመመለስ ጊዜው የተመቸ ነበር። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውንም ነጋዴውንም በኮታ እየያዘ፣ ዋጋ እየቆረጠ ይገዛ ነበር። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እህል የሚያሻግር ነጋዴ ኬላ ላይ ይያዛል፤ ጭነቱም ሊወረስ ይችላል። መጋቢት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ንግዱ ተፈታ። ኬላው ተነሣ፣ ኮታው ቀረ፣ የግል ነጋዴው እንደገና መንገድ ላይ ወጣ። በዚያ ዘመን የዓለም ባንክና መሰሎቹ ዋጋ ነፃ ከወጣ ገበያው ራሱን ያስተካክላል ይሉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በትርፍ አምራቹና በተቸገረው አካባቢ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የጭነት ወጪ ብቻውን ሊያስረዳው ከሚችለው በላይ ሆኖ ታየ።

እዚህ ላይ መርካቶን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቁ ገበያ አራዳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ አራዳን ለራሳቸው ይዘው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ አዲስ ከተማም መርካቶም የዚያ ግፊት ውጤቶች ናቸው። ገበያው በተራ ተከፋፍሎ አደገ፦ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። እህሉ በረንዳውን ያዘ። የአገሪቱ አውራ መንገዶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በየአቅጣጫው የሚፈሱ በመሆናቸው ከጎጃም ወደ ድሬዳዋ ወይም ከአርሲ ወደ መቀሌ የሚሄድ እህል ሸገር ላይ ማለፍ ይቀናዋል። ስለዚህ እህል በረንዳ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጤፍ የሚሸምትበት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ከተማውን ጨርሶ የማይቀምሰው እህልም ዋጋው እዚያ ይቆረጥ ነበር።

ገበያው የሚጀምረው ሳይነጋ ነው። ሌሊቱን የነዱ ኤንትሬዎችና አይሱዙዎች ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋሉ፤ ጫኝና አውራጆች ሸራ ይፈታሉ። ደላላው በየመኪናው እየዞረ ጆንያውን ወግቶ እፍኝ ያወጣል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል፣ ያሸታል፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ እርጥበቱን ይገምታል። ነቀዝ ነክቶታል ወይስ ንጹሕ ነው፤ ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ፤ የአዳ ነው ወይስ የቢቸና? ስንት መኪና እንደገባና ስንት ገዢ እንደሚጠብቅ አይቶ የቀኑን ዋጋ ከመሰሎቹ ጋር ይነጋገርበታል። ባለ እህሉ ቡሬ ወይም አሰላ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ደሴ። ሁለቱ ላይተዋወቁ ይችላሉ። ሁለቱም የሚያውቁት ደላላውን ነው።

የእሌኒ ጥናት ይህን ሰው ሚዛን ላይ አስቀመጠው። በከተማው ወሬ ደላላ ያለ ድካም የሚበላ፣ ዋጋ የሚያንር፣ ገበሬውንም ሸማቹንም የሚግጥ ነው። የኑሮ ውድነት በመጣ ቁጥር መንግሥት መጀመሪያ የሚያነሣውም እርሱን ነው። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ሥዕል ነበር። አብዛኛው የእህል ደላላ በራሱ ስም አይነግድም፤ እህሉን ገዝቶ አያከማችም፤ በኩንታል የተወሰነ አበል ብቻ ይቀበላል። ለዚያች አበል የሚሰጠው አገልግሎት ደግሞ ብዙ ነው። ገዢና ሻጭ ይፈልጋል፤ ጥራቱን ይመሰክራል፤ ገንዘቡ እስኪከፈል በስሙ ይቆማል። ነጋዴው ያለ ደላላ ልነግድ ቢል ራሱ ከከተማ ከተማ ሲዞር ጊዜው ያልቃል፤ ገንዘቡም በጆንያ ታስሮ ይቀመጣል። በኢኮኖሚክስ የግብይት ወጪ የሚባለው ይኸው ነው። ደላላው ወጪውን አልፈጠረውም፤ ይቀንሰዋል።

ነገር ግን ይህ ሥርዓት የቆመው በትውውቅ ላይ ነው፤ ወሰኑም ትውውቁ ነው። ደረጃ የሚያወጣ ገለልተኛ አካል ስለሌለ እያንዳንዱ ጆንያ በዓይን መታየት አለበት። እህሉ እጅ በለወጠ ቁጥር ይራገፋል፣ ይከፈታል፣ ይሰፋል፣ እንደገና ይጫናል። ገዢ ቃሉን ቢያፈርስ ፍርድ ቤት ዓመታት ስለሚፈጅ ነጋዴ ከሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎች ውጭ ለመነገድ አይደፍርም። በመጋዘን ያለ እህል ለባንክ መያዣ አይሆንም። የታሪክ ኢኮኖሚስቱ አቭነር ግራይፍ ስለ 11ኛው ክፍለ ዘመን የመግሪብ አይሁድ ነጋዴዎች የጻፈውን ያነበበ ሰው እህል በረንዳን ሲያይ አይገረምም፤ እነዚያም በሜዲትራንያን ዙሪያ ሸቀጣቸውን ለማያዩት ወኪል የሚያስረክቡት ስሙ ከጠፋ ማንም ዳግመኛ እንደማያሠራው ተማምነው ነበር። እንዲህ ያለ መተማመን ጠንካራ ነው፤ ሁሉንም የአገሪቱን ገበሬ ለማስገባት ግን አይሰፋም። ጥናቱ በአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚስቶች ማኅበር የምርጥ ዶክትሬት ጥናት ሽልማት አገኘ። ጸሐፊዋ በኋላ ከሠሩት ሁሉ ይህ ሥራ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ያነበቡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከትምህርት በኋላ በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና በዓለም ባንክ ሠሩ። በዚህ መሐል አገር ቤት የሆነው ነገር ጥያቄያቸውን ከመጽሐፍ አውጥቶ አደባባይ አቆመው። በ1994 ዓ.ም. መኸሩ ጥሩ ስለነበር የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ለማዳበሪያ የተበደረ ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ አንዳንዱም እህሉን ማሳ ላይ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲቀር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ። ትርፉን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሸጋግር መጋዘን፣ ዋጋውን ለገበሬው የሚነግር መረጃ፣ ውሉን የሚያስከብር ተቋም አልነበረም። ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2004 የምርምር ተቋሙን የኢትዮጵያ ፕሮግራም ለመምራት አዲስ አበባ ተመለሱ። ከመንግሥት ጋር ስለ ምርት ገበያ መነጋገር የጀመሩትም በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሩሻ ላይ በቴድ ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ሐሳቡን ለዓለም አሰማ፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 550/1999 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን፣ አዋጅ ቁጥር 551/1999 ደግሞ ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን አቋቋሙ።

የመጀመሪያው ግብይት የተካሄደው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ እህል በረንዳ ላይ ደላላው ብቻውን የሚሠራውን ሥራ በየፈርጁ በታተነው። ጥራትን የሚመሰክረው ዓይን በላቦራቶሪና በደረጃ ተተካ። እህሉ በክልል ካሉት የምርት ገበያው መጋዘኖች በአንዱ ተመዝኖ ይገባል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው። ገዢው አስቀድሞ ገንዘቡን በባንክ ካላስቀመጠ መጫረት አይችልም፤ ለሻጩ በማግስቱ ይከፈለዋል። ዋጋው በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎች፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ እንዲሁም 929 ላይ ለሚደውል ሁሉ በየቋንቋው ይነገር ጀመር። ቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ ቀስ በቀስ የደረሰችበትን፣ አዲስ አበባ በጥቂት ወራት ዝግጅት ልትጀምረው ተነሣች።

ሜክሲኮ አካባቢ የነበረው የግብይት አዳራሽ ለተመልካች ከመርካቶ ያን ያህል የራቀ አይመስልም ነበር። ደወል ሲደወል በቀለም የተለያየ ጃኬት የለበሱ ገዢና ሻጭ ወኪሎች ወደ መሐል ይወጣሉ፤ በጩኸት ዋጋ ይጠራሉ፣ በጣት ይጠቁማሉ። ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይመታታሉ፤ ስምምነቱም ቲኬት ላይ ይጻፋል። እጅ መመታቱ ከበረንዳው የመጣ ይመስላል። ልዩነቱ እዚህ የተመታው እጅ ከፈረሰ ቅጣቱን የሚወስነው ተቋሙ መሆኑ ነው። የጩኸቱ ግብይት እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ቆይቶ በኮምፒውተር ተተካ።

ታሪኩ ያልተጠበቀ አቅጣጫ የያዘው እህሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ምርት ገበያው የተነደፈው በበቆሎና በስንዴ ነበር። ሥራ የጀመረበት 2000 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የምግብ ዋጋ ያሻቀበበት ዓመት ሆነ። መንግሥት እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ስንዴ ከውጭ እያስገባም በድጎማ አከፋፈለ። ዋጋው በመንግሥት እጅ በሚወጣና በሚወርድበት ገበያ ላይ ነጋዴ ወረፋ አይጠብቅም። ሌላም ምክንያት ነበር፤ ይህኛውን የራሳቸው የዶክተር እሌኒ ጥናት አስቀድሞ ነግሮን ነበር ማለት ይቻላል። ደላላው ርካሽ ነው። እዚያው በዓይን አይቶ፣ በዱቤ ሰጥቶ፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ወረቀት የሚያሠራ ሰው እያለ፣ ምርቱን ወደ መጋዘን ወስዶ ላቦራቶሪ የሚያስገባ የበቆሎ ነጋዴ ብዙ አልተገኘም።

ክፍተቱን የሞላው ቡና ነው፤ የመጣውም በሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡና ንግድ በምርት ገበያው በኩል እንዲያልፍ አስገደደ፤ ለአሥርተ ዓመታት የቆየው የቡና ጨረታ ተዘጋ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ቡና፣ ቆይቶም ሰሊጥና ቦሎቄ በብዛት ገቡ፤ በሦስተኛው ዓመት ገደማ የግብይቱ ድምር ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ሽግግሩ ያለ ጠብ አልሆነም። መጋቢት 2001 ዓ.ም. መንግሥት ቡና አከማቹ ያላቸውን ስድስት ላኪዎች መጋዘን ዘግቶ ፈቃዳቸውን ነጠቀ። የአሜሪካና የአውሮፓ ልዩ ቡና ገዢዎች ደግሞ ሌላ ቅሬታ አነሡ። በደረጃ የሚሸጠው ቡና የወረዳ መጠሪያ እንጂ የማሳው ስም አልነበረውም፤ ከየትኛው ማጠቢያ እንደመጣ ለማወቅ የለመደ ገዢ ጆንያውን ሲያገኝ ባለቤቱ ጠፍቶበታል። በረንዳው ላይ የአዳ ማኛ ከሌላው ጤፍ ተለይቶ የሚሸጥበትን ምክንያት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ቅሬታ አይደለም። ችግሩን በከፊል ለመፍታት በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ላኪዎች ከአምራቹ ጋር በቀጥታ የሚተሳሰሩበትን መንገድ ከፈተ።

ስለዚህ ምርት ገበያው ተሳክቷል ወይ ለሚለው መልሱ ስለ የትኛው ምርት እንደሚጠየቅ ይለያያል። ለቡናና ለሰሊጥ ሻጭ ገንዘቡ በማግስቱ እጁ መግባቱ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ቀድሞ ሸቀጡን አስረክቦ ክፍያ ለወራት የሚጠብቅ ብዙ ነበር። ለወሎ በቆሎ ሸማች ግን ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። እህል ዛሬም በአብዛኛው የሚሸጠው ከምርት ገበያው ውጭ፣ በነጋዴና በደላላ እጅ ነው።

ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሥራ አስፈጻሚነት ወረዱ። በዚያው ዓመት ከሩዋንዳዋ አግነስ ካሊባታ ጋር የያራን ሽልማት ተካፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 መነሻ ላይ ይፋ የሆነው እሌኒ ኤልኤልሲ መቀመጫውን ናይሮቢ አደረገ፤ ከደጋፊዎቹ መካከል የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንና ሞርጋን ስታንሊ ይገኙበት ነበር። የአማካሪ ድርጅት ሥራ ብዙ ጊዜ በሪፖርት ይጀመርና በሪፖርት ያልቃል። ይህ ድርጅት ግን ገበያውን ነድፎ፣ ባለሀብት አሰባስቦ፣ እስኪቆም አብሮ ለመዝለቅ ነበር ያሰበው። ዋናው ሥራው ጋና ላይ ሆነ። የጋና ምርት ገበያ ከመንግሥትና ከግል ባለሀብቶች ጋር ዓመታት ከፈጀ ዝግጅት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከፈተ። የግል ባለሀብት ገና ከመነሻው መጠራቱ ከአዲስ አበባው ትምህርት የተወሰደ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያው ሙሉ በሙሉ በመንግሥት ባለቤትነት መጀመሩ በአዋጅ ቡናን ለማምጣት ጠቅሞታል፤ መንግሥት ዋጋ ላይ እጁን ሲያስገባ ደግሞ የሚከራከርለት ባለቤት አሳጥቶታል።

ብሉሙን አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን አካሄዱ ከገበያ ነደፋ የተለየ ነበር። ወጣቶች በተለይ በግብርና ዙሪያ ያሰቡትን ይዘው ይወዳደሩ ነበር፤ ያለፉት ለጥቂት ወራት የሥራ ቦታ፣ ምክርና መነሻ ገንዘብ ያገኙ፣ ማሳደጊያውም ድርሻ ይይዝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ከቤተሰብ፣ ከእቁብ ወይም በቤት መያዣ ከባንክ በሚገኝበት ንግድ ውስጥ ድርሻ ሰጥቶ ካፒታል መቀበል ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነበር።

በአደባባይ ጉዳዮች ላይ የነበራቸው ተሳትፎ ሁለት መልክ አለው። በምርት ገበያው ዘመን ኢሕአዴግ ከሚመራው መንግሥት ጋር ተቀራርበው ሠሩ፤ ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ መንግሥትን በኢኮኖሚ ጉዳይ የሚያማክረው ነፃ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ይህ አባልነት ያበቃው በሰሜኑ ጦርነት መሐል ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. እርሳቸው የተሳተፉበት፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ቀጣዩ የአገሪቱ ፖለቲካ የተነጋገረ የበይነ መረብ ስብሰባ ቅጂ ይፋ ወጥቶ ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ፤ ከምክር ቤቱም ተነሡ። እርሳቸው የቀረበባቸውን ውንጀላ አስተባብለዋል። ያን ጊዜ የተጻፈውና የተነገረው ሁሉ በጦርነት ስሜት የታጨቀ ስለነበር፣ ዘገባዎቹን ዛሬ የሚያነብ ሰው ስለ ስብሰባው ይዘት ከሚነግሩት ይልቅ ስለ ወቅቱ የሚነግሩት ይበዛል።

ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የአፍሪካ ቢሮ ዋና የፈጠራ ኃላፊ ሆነው ተሹመው ነበር። እዚያ የመሩት ቲምቡክቱ የተባለው ውጥን እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ዳቮስ ላይ ይፋ ሆኗል፤ በአሥር ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ከመንግሥትና ከግል ምንጮች አሰባስቦ የአፍሪካን ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ለመደገፍ ያቀደ ነው። እቅዱ ገንዘቡን በየአገሩ ከመበተን ይልቅ እንደ ኪጋሊ፣ ናይሮቢና ሌጎስ ባሉ ከተሞች በየዘርፉ ማዕከል ማቆምን መርጧል፤ ለምሳሌ የጤና ቴክኖሎጂው የኪጋሊ ድርሻ ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚቋቋሙት የፈጠራ ቤተ ሙከራዎችም የዚሁ አካል ናቸው።